ለግርምባዝ የቀረበ ስንብት

በዘርማዳ መንግሥት በአንድ ብሩህ ቀትር የቤተ መንግሥቱ የናስ ደወል ማንም ሳይነካው ጮኸ። ገበያተኛው ሚዛኑን ጣለ፤ ዳኛው ፍርዱን አቋረጠ። ከጥንት የወረደውን ትንቢት የማያውቅ አልነበረምና፦ «ደወሉ በራሱ ሲጮኽ፣ በዘንዶው ቤት የሚያገለግል ሰው ሥራውን ሊለቅ አስቧል። ፊት ለፊት ቢሰናበት ሀገር ይተርፋል፤ ሹልክ ቢል ሀገር ይነድዳል።»

በዘንዶው ቤት የምታገለግለው ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ማዜላ የምትባል ወጣት፣ የታላቁ ዘንዶ የግርምባዝ አስተኚ ዘማሪ። ግርምባዝ በተራራው ራስ ላይ ተኝቶ ሲተነፍስ ትንፋሹ በረዶውን ያቀልጠዋል፣ ወንዙም ይሞላል። እንቅልፍ ያጣ እንደሆነ ግን እሳት ይተፋል። ከእሷ በፊት የነበረው ዘማሪ ዜማውን ለእሷ አስተምሮ ሳይሰናበት በመጥፋቱ የቆላው የሰሊጥ እርሻ አመድ ሆኖ ነበር። ማዜላ ለዕረፍት ወደ ከተማ በወረደችበት ቀን ነው ደወሉ ያጋለጣት። ሆድ ከሀገር ይሰፋል ይባላል፤ የእሷን ሆድ ግን ደወል ዘረገፈው።

ሽማግሌዎቹ ጠርተው ሲጠይቋት አልካደችም። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው በዘልማ ሐይቅ ዳር ጀልባ መሥራት ነው፤ አንድ ባለሙያም ሊያስተምራት ፈቅዷል። ነገር ግን በዘርማዳ ወግ የቀድሞ ጌታው ያልመረቀውን ሠራተኛ የሚቀጥር የለም። የዘንዶው ምርቃት ከቀረ ጀልባውም ሕልም ሆኖ መቅረቱ ነው። ማዜላ በአደባባዩ መካከል ቀኝ እጇን አነሣች።

«በወንዛችን ስም እምላለሁ፤ ፊቱ ቆሜ ሳልናገር፣ ተተኪዬንም ሳላሠለጥን ከግርምባዝ ደጅ አልወጣም።»

ፊታውራሪ ቆስጠር እንዲሸኛት ታዘዘ። ጎራዴው ረጅም፣ የጀብዱ ወሬው ደግሞ ከጎራዴው የሚረዝም ሰው ነው። ተተኪ ልሁን ያለው ሽብሩላ የተባለ ሸማኔ ነበር። ምን ነካህ ቢሉት፣ ዘንዶ በዘፈኔ የሚማረር ጎረቤት ስለሌለው ነው አለ።

ድንጋይ የሚበሉ አሞራዎች የሚያንዣብቡበትን ገደል ተሻግረው የነጣቂው ነፋስ ሸለቆ ደረሱ። ይህ ነፋስ የሰውን ድምፅ ከአፉ ነጥቆ የሚወስድ ነው። ማዜላ የስንብት ቃሏ እንዳይወሰድባት አፏን በነጠላዋ ሸፍና አለፈች፤ ሽብሩላም እንደ እሷ አደረገ። ፊታውራሪው ግን ወሬ ጀምሮ ነበርና ድምፁ ተወሰደ። የቀረው መንገድ እጅግ ሰላማዊ ሆነ። ያሳዝናል፤ ዋሻው ደጅ ሲደርሱ ድምፁ ተመለሰለት።

ግርምባዝ ዋሻውን ሞልቶ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ፊታውራሪው በሹክሹክታ መከራት፤ መሐላሽ ተናገሪ እንጂ ይስማሽ አይልም፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪና እንውረድ አላት። ምክሩ ለአፍታ ፈተናት፤ ፈርታ ነበርና። ግን የዘንዶውን እንቅልፍ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የእውነት ሲተኛ የጅራቱ ጫፍ ይጠቀለላል። አሁን ቀጥ ብሏል። እሱም ደወሉን ሰምቷል ማለት ነው። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ ስለዚህ ልትቀሰቅሰው አልሞከረችም። ፊቱ ቆመች።

«ጌታዬ፣ እንዳልተኙ አውቃለሁ። ቢከፋዎትም ከእኔው አፍ ይስሙት። ሥራዬን ልለቅ ነው።»

አንድ ዓይን ተከፈተ። «ምን አጎደልኩብሽ?» አለ ግርምባዝ፤ ተራራውም ተንቀጠቀጠ።

«ምንም አላጎደሉብኝም። ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት። ልቤ ግን ውሃው ላይ ነው፤ ብቀርም እያኮረፍኩ ነው የምዘፍንልዎ። ይህ ተተኪዬ ሽብሩላ ዜማውን እስኪይዝ ድረስ አብሬዎት እቆያለሁ።»

የዘንዶው አፍንጫ ጭስ አወጣ። ፊታውራሪው ከሸማኔው ጀርባ ተሸሸገ። እሳት ግን አልመጣም። ግርምባዝ በዝግታ ተናገረ፤ ከእሷ በፊት የሄዱት ሁሉ እሳቱን ፈርተው እንደጠፉ፣ እሱም አንድ ቀን እንኳ ደህና ሁን የሚለው አጥቶ እንደኖረ ነገራት። ቀጥሎም የዜማውን ሕግ አስታወሳት። የአስተኚው ዜማ በሁለት አፍ አያድርም፤ ተማሪው ሲይዘው ከአስተማሪው ይወጣል። ማዜላ ይህን ታውቅ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያደንቃት በዚያ ዜማ ነው፤ እሷም ከምንም በላይ ትወደው ነበር። አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ይሁን» አለች።

ሽብሩላ መጀመሪያ ሲዘፍን የሰማ ሁሉ አዘነለት። አንዴማ ዘንዶውን አስነጥሶት የፊታውራሪው ጢም ተለበለበ። ቀስ በቀስ ግን ስንኙ አንድ በአንድ ወደ እሱ ተሻገረ፤ ማዜላም የሰጠችውን ስንኝ መልሳ ልታገኘው አትችልም ነበር። የመጨረሻውን ባስረከበች ጊዜ ግርምባዝ ከተኛበት ተነሣ፤ ከዚያ በፊት ሲቆም ያየው ሰው አልነበረም።

«የረገጥሽው ይለምልም። የሠራሽው ጀልባ ማዕበል አይንካው። እንጀራሽ ይውጣልሽ፣ ልጄ» ብሎ መረቃት።

ፊቷን ወደ እሱ እንዳደረገች ከዋሻው ወጣች። ከፊታውራሪው ጋር ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከበላያቸው ዜማ ተሰማ። ማዜላ ቆም አለች።

«እንዴት ደስ የሚል ዜማ ነው» አለች። «የማን ይሆን?»

ፊታውራሪ ቆስጠር የጀብዱ ወሬውን ሊጀምር የከፈተውን አፍ ዘጋ። «የአንዲት ጎበዝ ዘማሪ ነው» አላት።

«ታድላ» አለች ማዜላ። ትንሽ አዳመጠችና ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ይዛ እየሣቀች ወረደች።