በሉጥፊያ ክንድ ላይ የነበረው በልዝ

አል-ሳሃፋ በሚባል የባዕድ አገር ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ግቢ ጄኔሬተር ጀርባ ባለች መስኮት አልባ የሠራተኛ ክፍል፣ የወሎዋ ሉጥፊያ ሞታ ተጋድማለች። አሠሪዋ ማዳም ሰልሰቢል አፍንጫዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ደላላው ጌታሁን አስከሬኑ ፊት ቴምር ያላምጣል። የካላክላ ሰፈር ሐበሾች ሞት ሲያጠራጥራቸው የሚጠሯት ጡረተኛ ነርስ ካሳነሽ፣ የአገጩን መንቀሳቀስ ስታይ ፊቷን አዞረች።

«መርዝ ነው፣ ሲስተር» አለ ጌታሁን። «ትናንት ዛሂራ ጥቁር አዝሙድ በማር አበላቻት፤ ሌሊት ከአፏ ደም እየወጣ ሞተች። ሹርጣ፣ ፖሊስ ጠርተናል፤ ያላ፣ ዛሂራን ይውሰዳት።»

የሟች ጓደኛ ዛሂራ ጥግ ላይ ተኮራምታ ታለቅሳለች። ወህኒ የምትወርደው እሷ ናት።

ካሳነሽ የሟችን ክንድ ገለጠች። በልዙ አንዱ ጠቁሯል፣ ሌላው አረንጓዴ፣ ሌላው ቢጫ ሆኗል።

«መታችኋታል?»

«ወላሂ፣ እጄን አላነሳሁባትም» አለች ማዳም። «ወገቤን ስትል ከጌታሁን ጋር ሐኪም ቤት ላክኋት። የጀርባ አጥንት ኢንፌክሽን ነው ብለው መርፌ ሰጧት።»

«የደም ምርመራዋስ?»

«ንጹሕ ነው» አለና ጌታሁን ከሦስት ሳምንት በፊት የተሰጠ የላቦራቶሪ ወረቀት አቀበላት። የደም ዓይነት ኦ ይላል።

ሉጥፊያ ትናንት ወድቃ ሆስፒታል ለምርመራ ደም ተቀድታ፣ አልጋ ጠፍቶ ተመልሳ ነበር። ካሳነሽ ያንን ውጤት ይዛ መጣችና የተጠራውን ፖሊስ ጨምራ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበች።

«በልዙ የሳምንታት ነው፤ ስለዚህ የትናንት አዝሙድ አላመጣውም። የትናንቱ ደሟ የደም ካንሰር አለበት፣ ዓይነቱም ቢ ነው፤ በልዙንም የአፏን ደምም ያመጣው ካንሰሩ ነው። ካንሰሩ አቅም ሲያሳጣት ነው ኢንፌክሽኑ አከርካሪዋን የያዘው። ያኔ ዶክተሩ ከኢንፌክሽኑ ጀርባ ሌላ በሽታ ጠርጥሮ ደም አዘዘ፤ የደረሰው ግን ጤነኛ ደም፣ ያውም ኦ ነው። የሰው የደም ዓይነት በሦስት ሳምንት አይለወጥም። ጌታሁን፣ በእሷ ስም ማንን ነው ያስቀዳኸው?»

«ላቦራቶሪው ተሳስቶ ይሆናላ።»

«እኔን ነው፣ እትዬ» አለች ዛሂራ። «ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ወረቀቱ ምርመራ ሁላችንም እንደዚያ ነን፤ ጤነኛዋ በታማሚዋ ስም ትቀዳለች። በሽታ ከተገኘባት ማዳም ታባርራታለች አለኝ።»

«ታዲያ ስትታመም ምትክ አምጣ የምባለው እኔ አይደለሁ?» አለ ጌታሁን።

«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች ካሳነሽ። «በአዝሙዱ ያመካኘኸው ይህ እንዳይወጣብህ ነው።» አስጠላት። ሰውየውም፣ አፍንጫዋን የያዘችው ማዳምም፣ የክፍሏ ሽታም አንድ ላይ አስጠሏት።

ፖሊሱ ጌታሁንን ይዞ ወጣ። ዛሂራ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እትዬ፣ የራሷ ደም ሄዶ ቢሆን ትድን ነበር?»

ካሳነሽ መዋሸት ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«ምናልባት» አለች።

ዛሂራ የተቀዳችበትን ክንዷን በጥፍሯ ትቧጥጥ ጀመር።