የጋሼ ለገሰ ምርቃት

የትርሲት አባት አቶ ሽብሩ፣ የጠፈር መርከቧ ከምድር ከተነሣች ጀምሮ እንደ ሌሎቹ መንገደኞች ተኝተው ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን ነፍስ ቆጣሪያቸው ተቃጠለ። ነፍስ ቆጣሪ በቀዝቃዛው የእንቅልፍ ሣጥን ላይ ሦስት ሺህ ቮልት ጭኖ፣ በተኛው ሰው ውስጥ ሾልካ የምታልፈውን ኢምንት ከረንት የሚለካ ዕቃ ነው። ከረንቷ ካልታየች መርከቧ ሰውየው ሞቷል ብላ ማታውኑ ማቀዝቀዣውን ታጠፋለች። ደንቡ ነው፤ የሚለመን አለቃ የለም።

ትርሲት የሣጥኖቹ መሐንዲስ ናት። የፈለገችው ቀላል ነበር፦ ቮልቴጁ ከፍ ያለ፣ ጉልበቱ ግን ዝንብ የማይገድል ፓወር ሰፕላይ፣ የአምፒርን ቢሊዮንኛ ከሚያነብ መለኪያ ጋር። ችግሩ ዕቃ የሚሠሩትም መጋዘኑን የሚጠብቁትም ጋሼ ለገሰ መሆናቸው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከአቶ ሽብሩ ጎን ባለው ሣጥን ተኝተዋል። ጋሼ ለገሰ ደግ ሰው ናቸው፤ ለሰው ትንሽ ነገር መስጠት ያማቸዋል።

መጀመሪያ ያመጡላት የውኃ ፓምፕ የሚያሽከረክር ነበር።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ አባቴን ይጠብሳቸዋል።”

“ምርቃት ነዋ የኔ ልጅ። ትንሽ ጠየቅሽ፣ ጨመርኩልሽ። ምን ከፋሽ?”

“እኔ ይጨምሩልኝ አላልኩም። ትንሽ ነው ያልኩዎት።”

“ለሽብሩ ትንሽ ስሰጥ እጄ እንዴት ይታዘዘኛል?”

ሁለተኛው ጉልበቱ ልክ ሆነ፤ መለኪያው ግን የምድጃ ነበርና ዜሮ ላይ ተገትሮ ቀረ። ትርሲት ዕቃውን መለሰችው። ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው መጣ። ስትገጥመው ቁጥሩ ወዲያው ብቅ አለ፤ መርከቧም “አቶ ሽብሩ፣ ሕያው” አለች።

ጋሼ ለገሰ ተመስገን አሉ። ትርሲት ግን ቁጥሩን ስታየው ደስ አላላትም። በጣም ትልቅ ነው፤ ደግሞም አይወዛወዝም። የአባቷ ቁጥር ከትንፋሻቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

“ሽቦዎቹን የሚለየውን ይህን ነጭ ሸክላ በእጅዎ ነክተውታል?”

“በመዳፌ ወልውዬ ነው እንጂ እንዲሁ እሰጥሻለሁ? ዕቃ ሁሌም የማስረክበው እንዲህ ነው።”

“ከረንቱ በላብዎ ላይ ነዋ የሚያልፈው። መርከቧ አባቴ ብላ የምታነበው የእርስዎን መዳፍ ነው።”

ጋሼ ለገሰ ወደ መለኪያው አመለከቱ። “ታዲያ ተዪዋ። ሕያው ብላለች አይደል?”

ትርሲት በጣም ተናደደች። መጀመሪያ በእሳቸው፣ ቀጥሎ በራሷ፤ ለአንድ አፍታ መተው አምሯት ነበርና። ከዚያ አልኮል በጨርቅ ነክራ ሸክላውን ጠረገችው። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ ሆነ።

“አቶ ሽብሩ፣ አይታዩም” አለች መርከቧ።

ትርሲት በገዛ እጇ አባቷን የገደለች መሰላት። በመጨረሻ ቁጥሩ ለዐይን በማትሞላ ልክ ከፍ አለ፤ ተመልሶም ወረደ። እንደገና ከፍ አለ።

“ሕያው” አለች መርከቧ።

ትርሲት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

“ይህችው ናት?” አሉ ጋሼ ለገሰ። “ሰው ይህችን ያህል ብቻ ነው?”

“ይህችን ያህል ብቻ ነው።”

ጋሼ ለገሰ ወደ ጎረቤቱ ሣጥን ዞሩ። የወይዘሮ አስካለ ነፍስ ቆጣሪ አምና ተበላሽቶ የሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ከመግጠማቸው በፊትም በመዳፋቸው ወልውለውታል። መርከቧ ሕያው ካለች በኋላ ቁጥር የሚያይ አልነበረም፤ ትርሲትም የምታየው የአባቷን ብቻ ነበር። አሁን አየችው። ትልቅ ነው፤ አይወዛወዝም።

የአልኮሉን ጠርሙስና ጨርቁን ዘረጋችላቸው። ጋሼ ለገሰ ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

“አንቺ ጥረጊልኝ” አሉ። “እኔ ከእንግዲህ አልነካም።”