የቀላሏ ጠብመንጃ መቀርቀሪያ

ሻለቃው ከተኩስ መሞከሪያው ጠረጴዛ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑ እንደተገለጠ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያያል። ጥይቱ ደረቱን በስቶ ወጥቷል። አጠገቡ ሊገዛት ሲሞክራት ያረፈደባት ቀላል ጠብመንጃ ወድቃለች።

«ያለቀለት ነገር ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ። «ከጠረጴዛው ተንሸራታ ወደቀች፣ ባረቀች። ቃታዋን ከልክ በላይ ያለሰለሰው የግቢው ባለቤት፣ ጠብመንጃ ጠጋኙ ነው። ራሱ አምኗል፤ ካቴና አስገብቼለታለሁ።»

«እንዲህ ካለቀማ እኔን ከቤቴ ምን አስጠራኝ?»

መርማሪዋ ተንበርክካ የሟቹን ኮት ዳበሰችና ከቀኝ ኪሱ እጀታ ያለው ድቡልቡል ብረት አወጣች። ጥይቱን ከኋላ የሚቆልፈው መቀርቀሪያ ነው።

«ይሄስ?»

«የአሮጌው ነው። ሻለቃው ለማነጻጸር ከቤቱ ያመጣው ከባድ ጠብመንጃ እዚያ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አለ፤ መቀርቀሪያ የለውም። አይቼዋለሁ» አለ ሳጅኑ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

መርማሪዋ ብረቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፍቆ ተቦርቡሯል። ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ቀላሏን አንስታ ከፈተቻት። የመምቻዋ ሞላ ረግቧል፤ ባዶ ቀለህም ውስጧ አለ። ቀለሁን አውጥታ ቂጡን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው።

ጠጋኙ ወርክሾፑ ውስጥ፣ ከሞርሳው አጠገብ በዱካ ላይ ተቀምጧል። የታሰሩ እጆቹን ጭኑ ላይ አኑሯል።

«አባባ፣ ቃታውን ለምን አለሰለሱት?»

«ለምኖኝ ነዋ። ልቡ ደክሟል፤ ያንን ከባድ ተሸክሞ ተራራ መውጣት አቃተው። ‹ቀላል እሰጥሃለሁ፣ ግን አስብበት› አልኩት። ቀላል ጠብመንጃ ለሚሸከመው ይመቻል እንጂ ሲተኩስ ትከሻ ይደልቃል፤ አፈሙዙ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ሩቅ ላለ አውሬ ደግሞ እጅ ላይ አይረጋም። ቃታው ከከበደ ጭራሽ ያስታል። ስለዚህ አለሰለስኩት።» ቀና ብሎ አያት። «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የገደለው የኔ እጅ ነው? እሱን ሳላውቅ እስር ቤትም ብገባ፣ ቤቴም ብገባ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ሲተኮስ የት ነበሩ?»

«ከሐኪሙ ጋር ዒላማው ዘንድ ወረቀት ስንቀይር። ሰው ወደ ዒላማ ከሄደ፣ እዚህ የቀረው መቀርቀሪያውን አውጥቶ ኪሱ ይከታል። የግቢዬ ሕግ ነው። ሻለቃው በዚህ ከኔም ይብስ ነበር። ልንመለስ ስንል አይቶ መልሶ ገጥሞት ይሆናል።»

የሻለቃው የአደን ጓደኛ የሆነው ሐኪም ወሬ አይጠላም። «ከባዱ ይሻልሃል፣ ለርቀት እሱ ነው የሚረጋው ብዬ ስጨቀጭቀው ነው የረፈደው። ሳቀብኝ። ቀላሏን ባንድ እጁ አንጠልጥሎ ‹ያኔ ይህች ብትኖረኝ ኖሮ ሁለቱንም ይዤ እወርድ ነበር› አለኝ። ምን ለማለት እንደፈለገ እንጃ። የሱ ቀልድ የሚያስቀው ራሱን ነው።»

«ሲናገር ሌላ ሰው ነበር?»

«ማንም። ምራቱ ውሃ አምጥታልን ነበር እንጂ።»

ምራቱ የጠጋኙ ልጅ ናት፤ የሻለቃውን አንድ ልጅ አግብታለች። ተኩሱ ሲሰማ እሷ በአባቷ ቤት ጓዳ፣ ባሏ በፊት ለፊቱ ክፍል ስልክ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አላየም። መርማሪዋ ግድግዳው ላይ ገመድ በትከሻው የጠመጠመ ጎረምሳ ፎቶ አይታ ባልየውን ጠየቀችው።

«የሚስቴ ወንድም ነው። ለአባቴ ተራራ መንገድ የሚመራው እሱ ነበር። ገደል ገብቶ ሞተ።»

«አባትህ ብቻቸውን ወረዱ?»

«ብቻቸውን። ጠብመንጃቸውን ይዘው» አለና ጫማውን ማየት ጀመረ።

ከዚያ መርማሪዋ ከመደርደሪያው አንድ ባዶ ጠብመንጃ አወረደች። ሐኪሙን፣ ባልየውንና ልጅቷን በየተራ፣ ሌላ ሌላውን እየጠየቀች «እስቲ ይህን ዝጉልኝ፤ ሞላው ተወጥሮ እንዳይቀር» አለች። ሐኪሙ ዘጋና ቃታውን ሳበ፤ ቀጭ አለ። ባልየውም እንዲሁ። ልጅቷ ግን ስለ ውሃው እየመለሰች፣ ጣቷን ቃታው ላይ አሳርፋ እጀታውን ቀስ አድርጋ አወረደችው። ምንም ድምፅ አልተሰማም።

መርማሪዋ ሁሉንም ሞርሳው ዙሪያ ሰበሰበች። ሁለቱን መቀርቀሪያዎች ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ቀላሏ እንድትቀል ያልተፋቀ ብረት የላትም፤ መቀርቀሪያዋ ሳይቀር ተቦርቡሯል። እሱ የተገኘው ሻለቃው ኪስ ውስጥ ነው። እሷ ውስጥ የተገኘው ይህ ልሙጡ ነው፤ የከባዱ። ሠሪያቸው አንድ ስለሆነ ይገጥማል፤ ጥይታቸውም አንድ ነው። ሻለቃው ሲመቱ ቀላሏ መቀርቀሪያ አልነበራትም። መቀርቀሪያ የሌለው ጠብመንጃ አይባርቅም።»

ጠጋኙ ቀና አለ። «አልባረቀችም?»

«አልባረቀችም፣ አባባ። የእርስዎ እጅ የለበትም። ሳጅን፣ ፍታቸው።»

ሽማግሌው የተፈቱ እጆቹን እያገላበጠ አያቸው። ፊቱ ፈካ አለ። ብርሃኑ ግን አልቆየለትም።

«የከባዱን አፈሙዝ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩት፤ ጥላሸት ይዞ ወጣ። ዛሬ ማንም ሲተኩስበት አላየም፤ የገደለው ግን እሱ ነው። ገዳዩ ተኩሶ ካበቃ በኋላ መቀርቀሪያውንና ቀለሁን ወደ ቀላሏ አዛወረ። ጠጋኙና ሐኪሙ ዒላማው ዘንድ ነበሩ፤ ቤት የቀሩት ሁለት ናቸው።» ቀለሁን አነሳች። «መቀርቀሪያ ሲከፈት ሞላው ይወጠራል። ቀላሏ ውስጥ ግን ረግቦ ነው ያገኘሁት። ቅድም ሁለቱ ወንዶች እንዳደረጉት ዘግቶ ቃታ የሳበ ሰው ቢሆን፣ መምቻው ይህን ቀለህ ደግሞ ይመታው ነበር። ያለበት ጠባሳ አንድ ብቻ ነው። ሞላውን በጣቱ ይዞ ያበረደ ሰው ነው። እንዲህ የሚዘጋ ሰው እዚህ ቤት ያደገ ነው።»

ማንም ወደ ልጅቷ አልዞረም። አባቷ ራሱ መሬት መሬቱን ያያል፤ በልጅነቷ እጇን ይዞ ያስተማራት እሱ ነው።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ እህቴ» አለች መርማሪዋ። «የቀላሏ መቀርቀሪያ ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ታውቂያለሽ። ለምን አላወጣሽውም?»

«እጄን ኪሱ መክተት አልቻልኩም» አለች ልጅቷ። «ገና ይተነፍስ ነበር። ወንድሜም ይተነፍስ ነበር። ‹ሁለቱንም ይዤ እወርድ ነበር› ሲል ውሃውን ይዤ ቆሜያለሁ። ሐኪሙ እስኪሄድ ጠብቄ ጠየቅኩት። አልካደኝም። የወንድሜ እግር ተሰብሮ ነበር፤ እሱንና ጠብመንጃውን፣ ሁለቱን መሸከም አቃተኝ አለኝ። ወንድሜን ትቶ ጠብመንጃውን ይዞ ወረደ።»

ጠጋኙ ወደ አማቹ ዞረ። «አንተስ? ታውቅ ነበር?»

ባልየው ወደ በሩ አፈገፈገ።

«መቀርቀሪያውን ያዛወርኩት የሱ የራሱ ግዴለሽነት እንዲመስል ነበር» አለች ልጅቷ። «ቃታውን እንዳለሰለስከው አላወቅኩም፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ተነሥቶ እጆቹን ለሳጅኑ ዘረጋ። «መልሰህ እሰረኝ። ቅድም አምኛለሁ አይደል? ቃታው ለስላሳ ነው፤ ሞክሩት። ባረቀ ብላችሁ ጻፉ። ማንም አይጠይቅም።»

«አባዬ፣ ተው።»

«አንቺ ዝም በይ» አለና ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ልጄ፣ ወንዱን ዛሬ ነው ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት። እሷን ተይልኝ።»

መርማሪዋ ሁለቱን መቀርቀሪያዎች ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተች፤ ይህን ስታደርግ ቀና ብላ አላየችውም። «አልችልም፣ አባባ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ ወደ ልጅቷ ሄደ። እሷ ሳይጠይቃት እጇን ሰጠችው። ባሏ እንዲያሳልፋቸው ከበሩ ዘወር አለ።

«እርስዎ ነፃ ነዎት» አለች መርማሪዋ።

«ምን ላድርግበት?» አለ ሽማግሌው።