አራተኛዋ ስንኝ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ መንፈስ አየሁ የሚለኝን ሁሉ "ምን ጠጥተህ ነበር?" እያልኩ የማሾፍ የአማርኛ መምህር ነኝ፣ ግን እመነኝ ወዳጄ፣ እዚህ ሰቆጣ የገጠመኝ ነገር እስካሁን ሊዋጥልኝ አልቻለም።

የተከራየሁት እማማ ትርፌ ግቢ ነው። ጎረቤት እንደነገረኝ ልጃቸው ሞላ ከዓመታት በፊት ውሃ ልቅዳ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል፣ እሳቸው ከስሙ በቀር ስለ እሱ አውርተውኝ አያውቁም፣ እኔ ከገባሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ውሃ የምቀዳላቸው እኔ ነኝ።

ታዲያ ለከተማው የግጥም ምሽት የሚያስፈራ ግጥም ልጽፍ ተነሳሁ። ተማሪዎቼን "ፍርሃት የሚገባው በጆሮ ነው፣ 'አስፈሪ' አትበሉ፣ ድምፁን አሰሙ" እላቸው የለ፣ እስቲ ራሴ ልሞክረው ብዬ! ሦስቱ ስንኝ ወዲያው መጣልኝ፣ አራተኛዋ እምቢ አለች። ሲመሻሽ ደጅ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤

ሲጢጥ አለ በሩ፣ ነፋስ በሌለበት፣
ጠፍ ጠፍ አለ ጫማ፣ እግር ሳይገባበት፣
ጓ አለ ጄሪካን፣ ውሃ ሳይኖርበት፣

እማማ ትርፌ ከጎኔ ማሽላ ይለቅሙ ነበር። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"ጫማው ማሰሪያው ተበጥሶ ጠፍ ጠፍ እንደሚል ማን ነገረህ?"

"የማን ጫማ፣ እማማ?"

"የሞላ ነዋ! ሲመጣ እኮ እንዲሁ ነው። በሩ፣ ጫማው፣ ከዚያ ጄሪካኑን ሲጥለው። እስቲ ድገማት!"

እውነቱን ልንገርህ፣ ጠረጠርኳቸው፣ ብቸኝነት የማያስወራው ነገር የለም ብዬ። ደገምኩላቸው። ስጨርስ የግቢው የቆርቆሮ በር ሲጢጥ አለ። ቀና ብል መወርወሪያው እንደተወረወረ ነው። ቀጥሎ ጠፍ… ጠፍ… በግቢው ጠጠር ላይ፣ ወደ እኛ፣ ከዚያ ጓ! እሳቸው ናቸው እንዳልል በሁለት እጃቸው ክንዴን ጨምድደው ይዘዋል። የጎረቤት ጎረምሶች ናቸው ብዬ ተነስቼ አጥሩን ዞርኩት፣ ፍየል እንኳ የለም።

"አራተኛዋን ጨምርልኝ" አሉኝ። "የቤቱን በር ሲያንኳኳ የሚሰማውን። ደጅ አታስቀረው ልጄ፣ አስገባልኝ።"

አልጨመርኩም። ፈራሁ፣ ሌላ ምን እልሃለሁ። በግጥም ምሽቱም ስለ ዝናብ የጻፍኩትን አሮጌ ግጥም አንብቤ ወረድኩ።

እሳቸው ግን አልተዉም። ትናንት ሲመሻሽ ከግድግዳው ወዲያ ለብቻቸው ድምፅ ሲሞክሩ ሰማኋቸው፣ "ኳ… ኳ ኳ… ቋ…" እያሉ፣ አንዱን እየጣሉ ሌላውን እያነሱ፣ ልክ እኔ ተማሪዎቼን እንደማለማምደው። አንዱ ላይ ሲደርሱ ሌላ መሞከር ተዉ። ቆይተው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ "ግባ" ሲሉ ሰማሁ።

ቦኖው ከሰንበት ወዲህ ውሃ የለውም፣ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ወንዝ ልወርድላቸው ጄሪካኑን ልወስድ ሄድኩ። በሩን ገርበብ ብቻ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነጋገሩኝ።

"ተቀድቷል፣ ልጄ" አሉኝ።

ማን እንደቀዳው አልጠየቅኳቸውም።