በገብስ ማሳ ላይ የወረደ ዝምታ

እኔ ክላይቭ በወጣትነቴ በእንግሊዝ አገር፣ በኖርፎክ ሰማይ ላይ ስበር ደመናው ራሱ መንገድ ይለቅልኝ ነበር። ከሄዘል ፊት ስቆም ግን ምላሴ ይተሳሰራል።

ሄዘል የበረራ ክበባችን መካኒክ ነበረች። በማግስቱ ለሥራ ወደ ኒውዚላንድ ልትሄድ ነው። «አትሂጂ፣ አግቢኝ» ለማለት የቀረኝ ያ አንድ ከሰዓት ብቻ ስለነበር፣ አባቴን በዕድሜ በምትበልጠው ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ይዣት ወጣሁ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ የምንነጋገረው በጎማ ቱቦ ነው።

«ሄዘልዬ» አልኩ በቱቦው፣ «አንድ ነገር ልልሽ...»

ሞተሩ ቀጥ አለ።

ነዳጁን አየሁ፤ አለ። የሞተር ማብሪያዬን አየሁ፤ በርቷል። በክንፎቹ ሽቦዎች መካከል ነፋሱ ብቻ ያፏጫል።

«እህ፣ ቀጥል እንጂ!» አለች።

«ቀበቶሽን አጥብቂ! ልናርፍ ነው!»

«የት?»

«እንግሊዝ ውስጥ!»

ያን ዕለት ንስር አይቶኝ ቢሆን ሙያውን ይተው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በሚረዝም ዛፍ አናት ተንሸራትቼ፣ ዝሆን የማይሻገረውን አጥር ዘልዬ፣ በታጨደ የገብስ ማሳ ላይ እንደ ላባ አሳረፍኳት። ሄዘል ግን «እንደ ፌንጣ ነጥረናል» ባይ ናት።

ወርጄ የሞተሩን ክዳን ከፈትኩና እንደ ሐኪም ራሴን ነቀነቅኩ።

«ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር በረዶ ይዞት ነው። ሌላ አብራሪ ቢሆን ኖሮ አልቆልሽ ነበር።»

«በረዶ አይደለም» አለች መሬት መሬት እያየች።

በእሷ መቀመጫ በኩል፣ ከአውሮፕላኑ ጎን ላይ ያለው ማብሪያ ጠፍቷል። እነዚህ አሮጌዎች በሁለቱም መቀመጫ ማብሪያ አላቸው፤ አንዱ ከጠፋ ሞተሩ ይሞታል። እኔ ጀግናው የራሴን ብቻ ነበር ያየሁት!

«ክርንሽ ነክቶት ይሆናላ።»

«ጣቴ ነው። ልትናገር ስትጀምር በደንብ ልስማህ ብዬ አጠፋሁት። እስክትጨርስ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ... አንተ ስለ ቀበቶ ታወራለህ!»

ተያየን። እሷ ቀላች፤ እኔ የሞተሩን ክዳን መልሼ ዘጋሁ። ይሄኔ የማሳው ባለቤት፣ መንሹን ትከሻው ላይ ጥሎ አጠገባችን ደርሶ ይሰማን ኖሯል።

«አንተ ጎረምሳ፣ ወይ ጨርስ ወይ ማሳዬን ልቀቅ!»

«አትሂጂ» አልኩ። «አግቢኝ።» ድምፄ ለንደን ድረስ ተሰምቷል።

ሄዘል ጓንቷን አውልቃ ጉንጬ ላይ የተረጨውን ዘይት በቀስታ ጠረገችልኝ።

«ይቺን ለመስማት ሞተር ማጥፋት ነበረብኝ? እቀራለሁ፣ አንተ ጉረኛ።»

ገበሬው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ማሳ ላይ ያረፈ አብራሪ ለባለማሳው አንድ ጠርሙስ ዊስኪ ማምጣት ደንብ ነው። ሚስት ይዞ ለሚነሳ ግን ሁለት!»