ማንጎው ሥር የሚጠራ ስም

«አራተኛዋን መስመር አንቺ ነሽ የምታነቢያት» አለች ኢሞጅን ጣቷን ሰሌዳው ላይ ጠቆም አድርጋ። «ከአንቺ አፍ ስትወጣ ነው የምታምረው።»

ዴልማ መስመሯን እንደገና አየቻት። «ከደሴቶቹ የመጡት ሠራተኞች ጌታቸውን እጅግ ይወዱት ስለነበር፣ ብዙዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው ሬድሞር የሚለውን ስም ወሰዱ።»



ሁለቱም ሬድሞር ይባላሉ። ስም ሲጠራ ስለሚከታተሉ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሚቀመጡት ጎን ለጎን ነው። የኢሞጅን ጸጉር እንደ ደረቀ የሸንኮራ ቅጠል የነጣ ነው፤ ዴልማ ጥቁር ናት። አዲስ አስተማሪ በመጣ ቁጥር «ዘመዳሞች ናችሁ?» ይላል። ኢሞጅንም «መንታ ነን፣ አያስታውቅም?» ትላለች። ክፍሉ ይስቃል። ዴልማም ሁለት ዓመት ሙሉ አብራ ስቃለች።

የቤት ሥራው «የቤተሰቤ ስም» የሚል፣ ዛሬ ከሰዓት አዳራሽ ውስጥ ወላጆች ፊት የሚነበብ ነበር። ሚስ ፕራውዝ ሁለቱን አንድ ላይ አደረገቻቸው፤ ኢሞጅን ደግሞ የካርቶን ሰሌዳውን ቅዳሜና እሁድ ብቻዋን ጨርሳ መጣች። ከኢንተርኔት ያገኘችውን ሁሉ ለጥፋዋለች። የስሙ መነሻ ሰሜን እንግሊዝ ነው ይላል፤ ትርጉሙ ቀይ ረግረግ አጠገብ የሚኖር ሰው። ጋሻና አንበሳ ያለበት ዓርማም አለ። ከሥሩ የአውስትራሊያ ካርታ ላይ ስሙ በብዛት የሚገኝባቸው ቦታዎች በቀይ ነጥብ ተሞልተዋል። የእነሱ የሸንኮራ ከተማ ነጥብ ላይ ነጥብ ተደርቦባት የደም ጠብታ መስላለች።

ከእነዚያ ነጥቦች የኢሞጅን ዘመዶች አራት ቤት ናቸው። የቀሩት በሙሉ የዴልማ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። ስሙን እዚህ ከተማ ያበዙት ቀይ ረግረግ አጠገብ የኖሩ ሰዎች አይደሉም። ይህን ግን ሰሌዳው ላይ የጻፈው የለም።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አለች ዴልማ።

«አያቴ ነዋ! የቤተሰብ መጽሐፋችን ላይ አለ።»

«ውሸት ነው።»

«ኧረ ዴል፣ አታካብጂ። አንዲት መስመር ናት።» ኢሞጅን የማጣበቂያውን ክዳን ገጠመች። «አያቴ ዛሬ የፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ቅዳሜ በሩን የሚከፍትላችሁም እሱ ነው አይደል?»

ለማስታወስ ይሁን ለማስፈራራት ከድምጿ አይለይም ነበር። ምናልባት ራሷም አታውቀውም።

በሩ የሬድሞር እርሻ በር ነው። ከበሩ ወዲያ፣ ሸንኮራው መሀል፣ አሥራ አንድ ትልልቅ የማንጎ ዛፎች አሉ። በእርሻው ዘመን ከባሕር ማዶ ደሴቶች ሸንኮራ ሊቆርጥ በመርከብ የመጣ ሰው ሲሞት ድንጋይ ማቆም አይፈቀድም ነበር፤ ጓደኞቹ ራስጌው ላይ የማንጎ ፍሬ ቀበሩ። በየዓመቱ አጨዳ ሳይጀመር የዴልማ ዘመዶች ይገባሉ፤ ቅጠሉን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ በዕድሜ ትልቁ በየዛፉ ሥር ቆሞ የሟቹን የደሴት ስም ጮክ ብሎ አንድ ጊዜ ይጠራል። ስሙ አይጻፍም። ሌላ ቦታ አይነገርም። አንድ ጊዜ ስማቸው ወረቀት ላይ ሲጻፍ የሆነባቸውን ያውቃሉ።

ከወንዙ ማዶ ያለ ሌላ ገበሬ፣ ስለ መቃብሮቹ ጋዜጣ ላይ የወጣች አንዲት ቃል አናዳው በሩን ቆለፈ። በዓመቱ በእሱ መሬት ላይ የነበሩት የመቃብር ዛፎች አልነበሩም። ታርሰዋል።

በምሳ ሰዓት ዴልማ አባባ ክሌምን አዳራሹ ደጃፍ አገኘቻቸው። የአያቷ ወንድም ናቸው፤ አሁን ስሞቹን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ለዝግጅቱ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ሁለት ሰዓት ቀድመው ደርሰዋል። መስመሯን በስልኳ ፎቶ አንስታ ነበርና አሳየቻቸው።

መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡ። ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ይወዱት ነበር!»

«እውነቱ ምንድን ነው አባባ?»

«ቅድመ አያቴ ከመርከብ ሲወርድ ጸሐፊው ‘ስምህ?’ አለው። ነገረው። ጸሐፊው ለመጻፍ ሰነፈ። ዞር ብሎ ከጎኑ የተከመሩትን ከረጢቶች አየና የእርሻው ባለቤት ስም ታትሞባቸው አገኘ። ያንኑ ጻፈለት። ለከረጢቱም ለሰውየውም አንድ ስም።»

«ታዲያ ይሄን ልናገር?»

ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አንብቢያት።»

«አባባ!»

«ወረቀት ነው፤ አንብቢያትና ይለፍ። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው ዴልማ። ቅዳሜ ቅጠሉን ጠርጌ ስማቸውን ልጥራበት። ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁትን ተናገሩ።»

የዝግጅቱ ሰዓት ሲደርስ ወደ አዳራሹ ገባች።

አዳራሹ ሞልቷል። የከተማዋ መቶ ሃምሳኛ ዓመት ነበርና ወላጆችም ተጠርተዋል። የኢሞጅን አያት ሽማግሌው ሬድሞር ከፊት፣ አባባ ክሌም ደግሞ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ኢሞጅን ሦስቱን መስመሮች ጥርት ባለ ድምፅ አነበበች። መነሻው፣ ትርጉሙ፣ ካርታው። ተጨበጨበ። ከዚያ ዴልማን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«‘ከደሴቶቹ የመጡት ሠራተኞች’...» አለች ዴልማ። ቆመች።

«ቀጥይ እንጂ» አለች ኢሞጅን በሹክሹክታ።

ዴልማ ኪሷ ውስጥ የነበረውን ወፍራም እስክሪብቶ አወጣች። መስመሯን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘቻት። የእስክሪብቶው ሲጥታ የኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

«ይሄ አልሆነም» አለች። «ማንም ወዶ አልወሰደውም። ስም ነበራቸው። ጸሐፊው መጻፍ ሰለቸውና ከስኳር ከረጢት ላይ ገልብጦ ሰጣቸው። ካርታው ላይ ያሉት ነጥቦች እኛ ነን።»

«ዴልማ...» አለች ሚስ ፕራውዝ።

ሽማግሌው ሬድሞር እጃቸውን አነሱ። አልጮኹም። «እሺ የኔ ልጅ። ስም ነበረው ካልሽ፣ ማን ነበር? ንገሪንና እናርመዋለን።»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። ስሙን ታውቀዋለች። በየዓመቱ ሦስተኛው ዛፍ ሥር ሰምታዋለች፤ አሁን ምላሷ ላይ ነው። ብትናገረው ያምኗታል። ብትናገረው ነገ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ከነገ ወዲያ ዓርማው ሥር ይለጠፋል።

ወደ በሩ አየች። አባባ ክሌም ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ራሳቸውን አልነቀነቁም፤ አልወዘወዙምም።

«የሚነገርበት ቦታ አለው» አለች። «ቅዳሜ ይምጡ። ዛፉ ሥር ይሰሙታል።»

«ዛፉ ያለው የእኔ መሬት ላይ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ማንም አላጨበጨበም። ኢሞጅን ፊቷ ቀልቶ «አዋረድሽኝ» አለቻትና ከመድረኩ ወረደች። ሰሌዳው ከነስርዙ ቀረ።

ዴልማና አባባ ክሌም ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ። የሬድሞሮች መኪና አለፋቸው፤ ኢሞጅን የኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ አልዞረችም።

«አንብቢ አላልኩሽም?» አሉ አባባ ክሌም።

«ብለውኛል።»

«እና ቢቆልፈውስ?»

መንገዱን ተከትሎ እርሻውን የከበበው የድንጋይ ካብ ከጎናቸው ይሄዳል። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተመርጦ የተቀመጠ ነው። መቶ ዓመት አልፎት አንዱም አልተናደም። እጇን ዘርግታ ዳሰሰችው። ከወገቧ ከፍ አይልም።

«ካቡን የሠሩት ዛፎቹ ሥር ያሉት ናቸው» አለች ዴልማ። «እንሻገረዋለን።»

አባባ ክሌም ቆሙ። ካቡን አዩ፤ ከዘራቸውን አዩ፤ ጉልበታቸውን አዩ።

«እኔን የሚሸከመኝ ማን ነው?» አሉ በመጨረሻ። «ያ ፈርጠም ያለው የአክስትሽ ልጅ ይምጣ በያቸው።»

ቤት እንደደረሱ ዴልማ ከጋራዡ ሁለቱን የቅጠል መጥረጊያዎች አወጣች። የአንደኛው እጀታ ላልቶ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ምስማሮቹን አንድ በአንድ እየመታች ታጠብቀው ጀመር።