ያልፈሰሰው ብርሃን

ፕሮፌሰሩ የሞቱት ጠረጴዛቸው ላይ እንደ ተደፉ ነው። ገላቸው ላይ ጭረት እንኳ አልተገኘም። የመስታወት ማቅለጫው ሽታ አልባ ጋዝ ከቱቦው አፈትልኮ አየሩን ተክቶታል፤ የአየር ማውጫውን ደግሞ አንድ ሰው ከኮሪደሩ አጥፍቶታል። ከእጃቸው አጠገብ ፀጉር የሚያህል የመስታወት ክር፣ ከቀይ ብርሃን ሰጪው መሣሪያ ጋር እንደ ተገጠመ ተጋድሟል።

መርማሪዋ በዚያ ጠዋት እዚያ የነበሩትን ሦስት ሰዎች ለየብቻ አነጋገረች።

«ሦስት ሰዓት ላይ በበሩ መስታወት አየኋቸው» አለ ረዳት ተመራማሪው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ያን ክር እርሳስ ላይ ይጠመጥሙ ነበር። በታጠፈው በኩል ቀዩ ብርሃን እየፈሰሰ ጣታቸውን ደም አስመስሎታል። እኔ ወጣሁ፤ ከዚያ የገቡት እትዬ ብቻ ናቸው።»

ባለቤታቸው አልካዱም። «መነጽሩን ረስቶ ወጥቶ ነው። የተኛ መስሎኝ ቀሰቀስሁት…» ያመጡላቸውን መነጽር ከቦርሳቸው አወጡ። «እኔን ነው የምትጠረጥሪው፣ ልጄ?»

ምድጃው ሥር ያረጀው፣ የቀለጠ መስታወት እየሳበ ክር የሚያወጣው ባለሙያ ተከዘ። «ትናንት በረዳቱ ፊት ‹ነገ ክሩን በገዛ እጄ እስበዋለሁ› አሉ። አላስቻላቸውም፤ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጠርተውኝ አብረን ሳብነው። እንደ ሕፃን ዘለሉ፤ ያ የወገብ ሕመማቸው እንኳ አልያዛቸውም! ‹ለልጄ እንዳትነግረው› አሉኝ።»

«ልጄ የሚሉት ማንን ነው?»

«ረዳቱን ነዋ። ሌላ ልጅ መች አላቸው?»

መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። መብራቱን አጥፍታ ክሩን እርሳስ ላይ ጠመጠመችው። አንዲት የብርሃን ጭላንጭል አልፈሰሰችም፤ ቀዩ ነጥብ ግን በክሩ ጫፍ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ቁልጭ አለ።

«ክሩ ውስጥ በሁለት ዓይነት ሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ» አለች። «ብርሃኑ የሚጓዘው ሁለቱ በሚገናኙበት ድንበር ነው፤ ቢታጠፍም ከዚያ አይወጣም። የፕሮፌሰሩ የዕድሜ ልክ ሕልም ይኸው ነበር።» ወደ ረዳቱ ዞረች። «አንተ ግን ሲፈስ አየሁ አልክ። የሚፈሰው ተራው ክር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ‹አልተሳካም› እያልክ ያቀረብህላቸው። የተሳካውን ደብቀህ በራስህ ስም ለሳይንስ መጽሔት ልከኸዋል፤ የመጽሔቱ መልስ መሳቢያህ ውስጥ ተገኝቷል። ዛሬ ራሳቸው ቢስቡት ጉድህ ይወጣ ነበርና ጋዙን ለቅቀህ፣ አየር ማውጫውን አጥፍተህ ቀደምካቸው። ጎህ ሲቀድ መሳባቸውን አላወቅህም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ያው ያንተው ተራ ክር መስሎህ፣ ያላየኸውን አየሁ ብለህ ሞታቸውን በእትዬ ላይ አላከክህ።»

ረዳቱ ግድግዳውን ተደገፈ። «ጠርጥረውኝ ነበር… አላመኑኝም ነበር እኮ…»

መርማሪዋ የፕሮፌሰሩን ማስታወሻ ደብተር ለባለቤታቸው አቀበለቻቸው። እሳቸውም የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብለው አነበቡ፦

«ሠራ! ልጄ ሲመጣ መብራት አጥፍቼ አሳየዋለሁ። በጥናቱ ላይ ስሙን ከስሜ አስቀድሜ እጽፋለሁ።»

«ይበቃል፣ እትዬ» አለ ረዳቱ።

«ገና ነው» አሉና እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡለት።